ስለ ክብና ወፍራም ፎንት የሚባለውና እውነታው

የፎንት ዝርዝር ስትከፍቱ ወዲያው ዓይን የሚገባ አንድ ዓይነት አለ። ወፍራም ነው። የጭረቶቹ ጫፍ እንደ ጣት ጫፍ ለስልሶ ያልቃል። የሰሪፍ ፊደላት ጫፍ ላይ የምትወጣው ትንሽ እግርም የለችውም። ክብ ሳንስ ሰሪፍ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የሚመጣውን አሪያል ራውንድድ ቦልድን አስታውሱ። እኔ ይህን የፊደል ዓይነት በጣም እወደዋለሁ። ለዚህም ነው ያለ ስሙ ስም ሲሰጡት ዝም ማለት የሚከብደኝ።

«የልጆች ፎንት ነው»

በብዛት የምሰማው ይህን ነው። አሻንጉሊትና ከረሜላ ላይ ስለሚበዛ እንዲህ የሚል ሰው አይፈረድበትም። ነገር ግን ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1979 ለራሱ ያሠራው ፎንት ክብ ነበር። ቫግ ራውንድድ ይባላል። አፕልም ለዓመታት የላፕቶፖቹ ኪቦርድ ላይ ያተመው ይህንኑ ፎንት ነው፤ እሱ የመረጠው ግን ቀጭኑን ነበር። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ማሩ ጎቲክ የሚባለውን ክብ ፊደል የመንገድ ምልክት ላይ ታገኙታላችሁ። በፍጥነት የሚያልፍ ሹፌር በአንድ እይታ ሊያነበው ይገባል። ከዚህ በላይ ቁም ነገር የለም።

የልጅ የሚያስመስለው አብዛኛውን ጊዜ አብሮት የሚመጣው ነገር ነው፦ ቦግ ያለ ቀለም፣ ወዲያና ወዲህ የዘመሙ ፊደላት። ያንኑ ፎንት በጥቁር ሰማያዊ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ዙሪያውን ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ትታችሁ ጻፉት። መልኩ ይቀየራል። ወዳጅነቱ ሳይጠፋ ይረጋጋል።

«የአፕ ዘመን ፋሽን ነው»

ክቡ ጫፍ ስማርት ስልክ ከመታሰቡ በፊትም ነበር። የመጣውም ከመሣሪያ ነው። እንጨት ላይ ጽሑፍ የሚቀርጽ ማሽን ምላጩ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ፣ ጭረቱን ጀምሮ ሲጨርስ የሚተወው ጫፍ ክብ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ የቆሙት የእንጨት ምልክቶች ፊደል እንዲህ የተወለደ ነው። በቴክኒክ ስዕል ላይ የሚጽፈው ክብ ጫፍ ያለው ብዕርም ያንኑ ቅርጽ ይሰጣል። የኒዮን ቱቦም እንዲሁ።

«ኩፐር ብላክም ያው ክብ ሳንስ ሰሪፍ ነው»

አይደለም። ኦስዋልድ ኩፐር የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ይህ ፎንት በርግጥ ለስላሳና ወፍራም ነው። ግን ጠጋ ብላችሁ እግሮቹን እዩ። ድቡልቡል ይሁኑ እንጂ ሰሪፎች ናቸው።

«ማዕዘኑን ማለስለስ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በዚህ ነው። ያላቸውን ፎንት ወስደው ዙሪያው ላይ ክብ መስመር ይጨምሩበትና ክብም ቦልድም አደረግነው ይላሉ። እኔም አንድ ጊዜ ለፖስተር እንዲሁ አድርጌያለሁ። ስክሪን ላይ አምሮ ነበር። ሲታተም ግን የላቲኗ ትንሿ «ኢ» (e) ሆዷ ተደፍኖ ነጠብጣብ መሰለች። ለምን? የጨመርኩት መስመር ወደ ውጭ ብቻ አልሄደም፤ ወደ ውስጥም ገብቶ ክፍቱን ቦታ በልቶታል።

ሌላም ነገር አለ። ሁለት ቋሚ ጭረቶችን ጎን ለጎን ሳሉ፤ አንዱ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ሌላው ክብ ይሁን። በማስመሪያ ስትለኳቸው እኩል ናቸው። ዓይን ግን ክቡን አጠር አድርጎ ያየዋል፤ ጫፉ ላይ ቀለሙ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ጥሩ ዲዛይነር ክቡን ጭረት በጥቂቱ ያስረዝመዋል። «ኦ» ከመስመሩ ትንሽ አልፋ የምትሳለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት ጭረት የሚገናኝበት ቦታ ላይ ደግሞ፣ ለምሳሌ የትንሿ «ኤን» (n) ትከሻ ከቋሚው የሚወጣበት ጋ፣ ውፍረቱ ይቀነሳል። ካልተቀነሰ እዚያ ላይ ጥቁረት ይጠራቀማል። በአንድ ክሊክ የሚሠራ ነገር አይደለም።

«ወፍራም ከሆነ የትም ቦታ ይነበባል»

ትልቅ ሲሆን፣ አዎ። ሎጎ፣ ርዕስ፣ የዕቃ ማሸጊያ ላይ ያለ ስም፣ ትልልቅ ቁጥሮች፣ አፕ ውስጥ ያለ በተን፤ እዚህ ላይ የሚስተካከለው የለም። ጥቂት ቃል በትልቁ ሲሆን ክብነቱም ውፍረቱም በደንብ ይታያል።

ሲያንስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጫፉ ክብነት ከአንድ ፒክስል በታች ይወርድና ጭራሽ አይታይም። ውፍረቱ ብቻ ይቀራል፤ እሱም የ«ኢ»ን (e)፣ የ«ኤ»ን (a)፣ የ«ኤስ»ን (s) ክፍት ቦታ ይዘጋል። አንድ ገጽ ሙሉ በዚህ የተጻፈ ጽሑፍ ለማንበብ ሞክሩ። ሁሉም ነገር በእኩል ድምፅ ይጮህባችኋል።

ለረጅም ጽሑፍ ቀለል ያለ ፎንት አጣምሩበት። ኑኒቶ የሚባለውን ክብ ፎንት ብትወስዱ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ድረስ አለው፣ በነፃም ይገኛል። ኑኒቶ ሳንስ የሚባል ጫፉ ያልከበበ መንትያም አለው። ርዕሱን በክቡ በወፍራሙ፣ ሐተታውን በመንትያው መጻፍ ይቻላል፤ አጽማቸው አንድ ስለሆነ አይጣሉም። ከዚያ በሚታተምበት መጠን አንድ ወረቀት አትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ራቅ ብላችሁ የ«ኢ»ን ሆድ ፈልጉ። ክፍት ሆኖ ከታያችሁ መጠኑ ትክክል ነው።