«ልጆቹ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ»፦ የእንግሊዝ ገጠር ጥንታዊ ቤት ስለመከራየት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ መታየት ስትጀምር ስልኬ አያርፍም። ሥራዬ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ለእረፍት የሚከራዩ ጥንታዊ ቤቶችን መንከባከብ ነው። እንግዳ እቀበላለሁ፣ ሲወጡ ቤቱን እረከባለሁ። ሐበሻ ስለሆንኩ ቤተሰብ ማሰባሰብ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ይጠይቃል። ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የሰለቸኝ ይቺ ብቻ ናት፦

«ቤቱ 16 ሰው ይይዛል ይላል፣ እኛ 25 ነን። ችግር የለውም አይደል፣ እህቴ? ልጆቹ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ።»

ችግር አለው። ቁጥሩ የአልጋ ቁጥር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የእሳት ደህንነት ድንጋጌ አለ። አከራዩ እሳት ቢነሳ እንግዶቹ በየት በኩል እንደሚወጡ አስቀድሞ መገምገም አለበት። አሮጌ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ጠባብ የእንጨት ደረጃ ነው። ኮሪደርና ሳሎን ላይ ፍራሽ ሲዘረጋ መውጫው ተዘጋ ማለት ነው። ሌሊት፣ በጨለማ፣ በማያውቁት ቤት።

ፍሳሹም አለ። ገጠር ያሉ ብዙ ቤቶች ከከተማ የፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኙም። ቆሻሻው የሚገባው ግቢ ውስጥ በተቀበረ ታንክ ነው፤ የታንኩ መጠን የሚሰላውም በሰው ቁጥር ነው። አስር ሰው ጨምሩበት። የዶሮ ወጡን ቅባት በእቃ ማጠቢያው አፍስሱበት። የሕፃን መጥረጊያ ሽንት ቤት ጣሉበት። በሁለተኛው ቀን ፍሳሹ ወደ ቤት ይመለሳል። እኔ ነኝ የማጸዳው፣ አውቀዋለሁ።

አንድ ጊዜ ለልጃቸው ምረቃ 16 ብለው የተከራዩ ቤተሰቦች 27 ሆነው መጡ። ባለቤቱ የሚኖረው እዚያው ግቢ ጫፍ ላይ ነው። መኪኖቹን አየ፣ መጥቶ ቆጠረ። ማታ አራት ሰዓት ላይ «11 ሰው ይውጣ» አለ። ማን ማንን ውጣ ይበል? ሁሉም ዝም አለ። በመጨረሻ ለምረቃው ከአዲስ አበባ የመጡት አያት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔ እሄዳለሁ፣ ልጆቹ ይተኙ» አሉ። ባለቤቱን ለመንኩት፤ እሳቸው እንዲቀሩ ፈቀደ። የቀሩት 10 ሰዎች ግን 40 ደቂቃ ነድተው ሆቴል ፈለጉ። የመያዣው ገንዘብም አልተመለሰም። ባለቤቱ ላይ መፍረድ አልቻልኩም፤ ውሉ ላይ የተጻፈው 16 ነው።

እባካችሁ፣ ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ሰው ቁጠሩ። 25 ከሆናችሁ 25 የሚይዝ ቤት፣ ወይም አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ቤቶች ፈልጉ። ለምሳ ብቻ የሚመጣ ዘመድም ካለ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። አልጋውን ይዞ የሚመጣ ሕፃን አንዳንድ ቤት አይቆጠርም፤ እሱንም በጽሑፍ ያረጋግጡላችሁ።

«በቅርስነት ከተመዘገበ የመንግሥት ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም፣ አብዛኛው የግል ነው። ምዝገባው ሦስት ደረጃ አለው፦ ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት ባለ ኮከብ (II*) እና ደረጃ ሁለት። ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ደረጃ ሁለት ናቸው። እናንተን የሚነካችሁ ባለቤቱ ያለ ፈቃድ ቤቱን መቀየር አለመቻሉ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ብዙ ጊዜ አንድ ንጣፍ መስታወት ብቻ ነው። ጋቢ ያዙ።

«ተከራየነው አይደል፣ ሰርግ እንደግስበታለን።» ለአዳር መከራየት ለድግስ መከራየት አይደለም። ድግስ ሌላ ውል፣ ሌላ ዋጋ ነው።

«ይሄን ያህል ከፍለን ቲቪ የለውም?» ላይኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው ላንድማርክ ትረስት አሮጌ ሕንፃዎችን አድኖ ያከራያል፤ ቴሌቪዥን ግን ሆን ብሎ አያስገባም። ስልክም በወፍራም ድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ካርታውን መንገድ ሳትጀምሩ ስልካችሁ ላይ አውርዱት።

«ቡና ማፍላት አይቻልም» የሚለው ሲነገር ግን ያመኛል። ይቻላል። የማይቻለው ከሰልና እጣን ቤት ውስጥ ማጨስ ነው። የጭስ ጠቋሚዎቹ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲጮህ ቤቱ በሙሉ ይጮሃል። ከሰል ውጭ ማቀጣጠል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ከተፈቀደ ረከቦቱን ግቢ አውጡት፣ ሣሩ እንደሆነ ተነጥፎ ነው የሚጠብቃችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከያዛችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ። አሮጌ የመብራት መስመር ላይ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራውን ጋግራችሁ ብትመጡ ይሻላል።

የመጨረሻው «የሀብታም ነገር ነው» የሚለው ነው። ኪራዩ ብዙ ጊዜ ለቤቱ እንጂ በሰው አይደለም። ለ16 ሲካፈል ከሆቴል የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በተለይ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ክፍት ሲሆኑና ከሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት ቀናት። የኛ በዓላት ደግሞ ለዚህ ይመቻሉ። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ የእነሱ በዓል አልፎ ዋጋው ወርዷል። ፋሲካችንም ከእነሱ የሚለይበት ዓመት አለ። በ2027 የእነሱ ማርች 28፣ የኛ ሜይ 2 ነው። ማግስቱ ሰኞ በእንግሊዝ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም። ሌላውም ሰው ያንን ሰኞ ያውቀዋልና ቤቱን ቀደም ብላችሁ ያዙ።