ቀንና ሰዓትን በኮምፒውተር ፕሮግራም በጽሑፍ ማሳየት፦ ከጎጃም የተዘጋጀ አጠቃላይ ዳሰሳ

ቀንና ሰዓትን በጽሑፍ ማሳየት ማለት ኮምፒውተሩ በቁጥር የያዘውን ጊዜ ሰው አንብቦ ወደሚረዳው ጽሑፍ መለወጥ ነው። ደረሰኝ ላይ የሚታተመው ቀን፣ በስልክ የሚደርሰው የቀጠሮ መልእክት፣ የተማሪ መታወቂያ የሚያበቃበት ጊዜ፣ ሁሉም በዚህ ሥራ ያልፋሉ። ጉዳዩ በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ እምብዛም አይገኝም። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ሆነው ሶፍትዌር ለሚሠሩና ለሚማሩ ነው። ምሳሌዎቹም በአብዛኛው የዚያው አካባቢ ናቸው።

ቁጥሩና ጽሑፉ

አብዛኛው ሲስተም ጊዜን የሚይዘው በሰከንድ ቆጥሮ ነው። የቆጠራው መነሻ በዓለም አቀፉ ሰዓት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ቁጥሩ ራሱ ወርም ዘመንም አያውቅም። ሞጣ ላይም ሆነ ቶኪዮ ላይ በአንድ ቅጽበት አንድ ነው። ልዩነት የሚመጣው ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ጊዜው በቁጥር ይቀመጥ፣ አማርኛ የሚሆነው ለአንባቢው ሲታይ ይሁን።

ሲስተሞች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚጠቀሙበት ጽሑፍ ደግሞ አይኤስኦ 8601 ይባላል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ዓመት ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፣ ቀን ይጨርሳል፤ 2025-01-31 እንደማለት። በዚህ መልክ የተጻፉ ቀኖች እንደ ተራ ጽሑፍ በቅደም ተከተል ቢደረደሩ እንኳ የጊዜ ተራቸው አይፋለስም። ለኢንተርኔት ሥራ ጠበብ ተደርጎ የተዘጋጀው ሰነድ አርኤፍሲ 3339 እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቷል።

በፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው መሣሪያ የሲ ቋንቋው ኤስቲአርኤፍታይም (strftime) ነው። ከፐርሰንት ምልክት ቀጥሎ አንድ ፊደል ሲጻፍ በቦታው ዓመቱን፣ ወሩን ወይም ሰዓቱን ያስገባል። ፓይተንና ሩቢም ይህን ዘዴ ወርሰውታል። ከሥሩ ያለው የወር ቁጥር ግን ከ0 እስከ 11 ብቻ ነው። ለጳጉሜን ቦታ የለውም። በሊኑክስ ላይ የአማርኛ ቅንብር ሲመረጥም ወሩ "ጃንዩወሪ"፣ "ፌብሩወሪ" እየተባለ የሚወጣው የፈረንጆቹ ወራት በፊደላችን ስለተጻፉ ነው። አማርኛ ሆነ እንጂ የእኛ ወር አልሆነም።

የቀን ስሌት

ይህ ክፍል ሰፋ ይላል፤ ሊሰፋም ይገባዋል። ጎጃም የዲማ ጊዮርጊስ፣ የደብረ ኤልያስና የዋሸራ የአብነት ትምህርት ቤቶች አገር ነው። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቀመር፣ የሚቆጥር ሊቅ ዛሬ ፕሮግራመር "ቀሪ" ብሎ የሚጠራውን የማካፈል ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ለኮምፒውተር የሚያስፈልገው ሒሳብ በእጃችን የነበረ ነው።

መነሻው ወሮቹ ናቸው። 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ትሆናለች። ዘመኑን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። 2017 ላይ 5500 ሲደመር 7517 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ዘመነ ማቴዎስ። የምስክር ወረቀት ወይም የቀን መቁጠሪያ የሚያትም ፕሮግራም የወንጌላዊውን ስም በአንድ መስመር ኮድ ማውጣት ይችላል።

ከእኛ ወደ ፈረንጆች ለመሻገር ፕሮግራመሮች የሚመርጡት መንገድ የጁሊያን ቀን ቁጥር ነው። ይህ ከጥንት ጀምሮ ያለማቋረጥ የሚቆጠር የቀን ብዛት ነው። መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. 1,724,221ኛው ቀን ነው። ሌላውን ቀን ለማግኘት ያለፉት ዓመታት በ365 ይባዛሉ፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ሙሉው ድርሻ ይደመራል፤ ያለፉት ወራት በ30 ተባዝተው ይደመራሉ፤ በመጨረሻ ከቀኑ 1 ተቀንሶ ይደመራል።

እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ይከበራል። የ2017ን እናስላ። ያለፉት 2016 ዓመታት በ365 ሲባዙ 735,840 ይሆናሉ። 2017 ለ4 ሲካፈል ሙሉው ድርሻ 504 ነው። ያለፉት አራት ወራት 120 ቀን ናቸው። ከ23 አንድ ሲቀነስ 22። ሁሉም ከመነሻው ጋር ሲደመር 2,460,707 ይመጣል። ይህ ቁጥር በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ነው። ለ7 ሲካፈል ቀሪው 4 ነው። ሰኞ 0 ተብሎ ሲቆጠር 4 ዓርብ ነው፤ በዓሉም ዓርብ ዋለ። የ2016ቱ ጥር 23 ግን ፌብሩወሪ 1 ቀን 2024 ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለነበር መስከረም 1 በአንድ ቀን ዘግይቶ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ።

የዛሬውን የቀን ልዩነት ለሁሉም ዘመን ወስዶ ኮድ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ታሪካዊ ቀን ላይም ይሳሳታል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር የተሰለፈበት የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በስሌቱ ማርች 1 ቀን 1896 ይመጣል፤ የፈረንጆች መጻሕፍትም ያንኑ ይጽፋሉ። ዛሬ በዓሉ የሚከበረው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ፈረንጆች 1900ን ፌብሩወሪ 29 ሳይጨምሩበት ስላለፉ የአንድ ቀን ልዩነት ተፈጠረ። የጁሊያን ቀን ቁጥርን የተከተለ ፕሮግራም በዚህ አይደናገርም።

ፋሲካም በዚሁ ዓይነት ሒሳብ ይወጣል። ለ2017 ከላይ ያገኘነው 7517 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12 ነው። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 29 ነው፤ መጥቅዑ ይህ ነው። መስከረም 29 ቀን 2017 ረቡዕ ዋለ፤ ተውሳክ፣ ማለትም ለየዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ ለረቡዕ 4 ነው። 29 እና 4 ሲደመሩ 33፣ ከ30 ሲተርፍ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ሆነ። ስሌቱን የቀመረው በትውፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ነው።

ሰዓቱ

የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በበጋና በክረምት አይለዋወጥም። በዓለም የሰዓት ክልሎች ዳታቤዝ ውስጥ አዲስ አበባ ከናይሮቢ ጋር ተያይዛ ተቀምጣለች። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ እኛ የምንቆጥረው ከንጋት መሆኑ ነው። ጎጃም ላይ የፀሐይ መውጫ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለዋወጥ ከንጋት መቁጠር ይመቻል።

ቀመሩ አጭር ነው። በ24 ሰዓት የተጻፈው ሰዓት ላይ 6 ይደመራል፣ ለ12 ይካፈላል፣ ቀሪው ይወሰዳል፤ ቀሪ ከሌለ 12 ይባላል። 8:30 ጠዋት 2፡30 ይሆናል። 14:30 ከቀኑ 8፡30 ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸገረው። "ቀጠሮዎ 8:30 ነው" የሚል መልእክት ቡሬ ላለ አርሶ አደር ቢደርሰው የሚሄደው ከሰዓት ነው። መልእክቱን የላከው ሲስተም ግን ጠዋት ማለቱ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ "ጠዋት"፣ "ከቀኑ"፣ "ከምሽቱ"፣ "ከሌሊቱ" የሚለው ቃል ከቁጥሩ ፈጽሞ መለየት የለበትም፤ የሰዓቱ ግማሽ ትርጉም እሱ ላይ ነው።

የሰዓት ክልሉን ወደ ቦነስ አይረስ በመቀየር ሰዓቱን "የእኛ" ማስመሰል ይቻላል፤ እዚያ ከዓለም አቀፉ 3 ሰዓት ስለሚዘገይ ቁጥሩ ይገጥማል። ነገር ግን ቀኑም አብሮ የሚቀየረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ይህ አይመከርም።

ቀኑ የሚጀምረው መቼ ነው የሚለው አከራካሪ ነው ማለት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከዋዜማው ምሽት ይቆጠራል፤ ሶፍትዌር ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። ሕዝቡ ግን መፍትሔ አለው። ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለሚነሳ መንገደኛ "እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት" ይባላል። የጉዞ ትኬት የሚያትም ፕሮግራም ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ላለው ሰዓት ሁለቱንም ቀን በዚህ መልክ ቢጽፍ መንገደኛ አይቀርም።

ዝግጁ መሣሪያዎች

የዩኒኮድ ድርጅት የአካባቢ መረጃ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር፣ የ13ቱን ወራት ስምና የዓመተ ዓለምን ቆጠራ ይዟል። በጃቫስክሪፕት፣ በአንድሮይድና በአፕል መሣሪያዎች ላይ ከዚያ ይገኛል። ኢትዮጵያን መርጦ አማርኛ ማዘዝ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቀዳሚው ምርጫ የፈረንጆቹ ስለሆነ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በስሙ መጠየቅ አለበት። የቃላቱ ቅደም ተከተልም መታየት ያለበት ነው። "1 መስከረም 2017" ብሎ ሊያወጣ ይችላል፤ አማርኛው ግን "መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም." ነው። የፓይተን መደበኛ የቀን መሣሪያና ዶትኔት የእኛ አቆጣጠር የላቸውም፤ እዚያ ከላይ ያለውን ስሌት መጻፍ ወይም ተጨማሪ ላይብረሪ መፈለግ ያሻል።

የግዕዝ ቁጥሮች ዜሮ የላቸውም። 2017 ፳፻፲፯ ተብሎ ይጻፋል፤ "05" ብሎ ፊት ላይ ዜሮ መሙላት ግን አይቻልም።

ከጽሑፍ ወደ ቁጥር መመለስ

ሰው የጻፈውን ቀን ማንበብ ከማሳየት ይከብዳል። ኅዳር፣ ህዳር፣ ሕዳር፤ ታኅሣሥ፣ ታህሳስ፤ ሐምሌ፣ ሀምሌ፤ ጳጉሜን፣ ጳጉሜ። ሊቃውንቱ አንዱን ይመርጣሉ፤ ፕሮግራሙ ግን ሁሉንም መቀበል አለበት። ሲያሳይ አንዱን ብቻ ይጠቀም።

የእኛን ቀን በቀጥታ ዳታቤዝ ውስጥ በቀን ዓይነት ሳጥን ማስቀመጥ ትልቁ ስሕተት ነው። ለወራት ያለ ችግር ይሠራል። ከዚያ ጥቅምት 30 ይመጣል። 2017-02-30 ተብሎ ሲገባ ዳታቤዙ "ፌብሩወሪ 30 የለም" ብሎ ይመልሰዋል። ጥቅምት 29ም በአብዛኛው ዓመት አይገባም። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አትገባም። በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን በነሐሴ 30 ወይም በመስከረም 1 የሚመዘገበው እንዲህ ባለ ፎርም ነው። ፎርሙ 13 ወር ያሳይ፣ ከጀርባው የጁሊያን ቀን ቁጥር ወይም የፈረንጆቹ ቀን ይቀመጥ።

ትምህርቱ በጎጃም

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተከፍቶ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ደብረ ማርቆስና እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ አላቸው።

2030 ዓ.ም.

ሰከንዱን በ32 ቢት የሚይዙ የቆዩ ሲስተሞች ቁጥራቸው የሚሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ 03:14:07 ላይ ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ቁጥሩ ወደ አሉታዊ ይገለበጥና ቀኑ ታኅሣሥ 1894 ሆኖ ይታያል ወይም ፕሮግራሙ ይቆማል። 64 ቢት የሚጠቀሙ ሲስተሞች ይህ አይነካቸውም። ስለዚህ ከአሁኑ የሚፈተሹት አሮጌ ሰርቨሮች፣ የቆጣሪና የበር መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም ቀንን በ32 ቢት ያስቀመጡ የዳታቤዝ ሰንጠረዦች ናቸው። የ15 ወይም የ20 ዓመት ብድር የሚያሰላ ፕሮግራም የመጨረሻውን ክፍያ ቀን ዛሬ ስለሚጽፍ ፍተሻው ከእሱ ይጀመር።