በጣም ከባድ ኮከቦችን ስለመለየት የሚነገሩ ስህተቶች

«ትልቅ ኮከብ ማለት ከባድ ኮከብ ነው» የሚለው መጀመሪያ ይስተካከል። ቤቴልጂውስ የምትባለው ኮከብ በስፋት ፀሐይን 700 ጊዜ ገደማ ትበልጣለች፣ ክብደቷ ግን ቢበዛ ወደ 20 ፀሐይ ቢጠጋ ነው። እኔ የማወራው ከ100 ፀሐይ በላይ ስለሚመዝኑት ነው፣ እነሱ ደግሞ በስፋት ከቤቴልጂውስ በጣም ያንሳሉ።

«ክላስተሩ (አብረው የተወለዱ ኮከቦች ስብስብ) ውስጥ ደምቆ የሚታየው ነጥብ ከባዱ ኮከብ ነው»። ይሄ ሳይንቲስቶችንም አሳስቷል። ጎረቤታችን በሆነው ጋላክሲ፣ ትልቁ የማጄላን ደመና ውስጥ፣ ታራንቱላ ኔቡላ መሀል ያለው አር136 እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ1000 ፀሐይ በላይ የሚመዝን አንድ ኮከብ ሊሆን ይችላል ተብሎ ነበር። 1985 ላይ ስፔክል በሚባለው ዘዴ፣ ማለትም አየሩ ምስሉን እንዳያደበዝዘው በጣም አጫጭር ፎቶዎችን አንስቶ በማቀናጀት ሲታይ፣ ያ ነጥብ ብዙ ኮከብ ሆኖ ቁጭ አለ። ከነሱ ዋናው አር136ኤ1 2010 ላይ 265 ፀሐይ ተባለ፣ 2022 ላይ ጄሚኒ ሳውዝ ቴሌስኮፕ ይበልጥ አጥርቶ ሲያየው ደግሞ ከ170 እስከ 230 መሀል ወረደ። የጎረቤቶቹ ብርሃን ተለይቶ ሲወጣለት ነው እኮ የቀነሰው። ለዚህ ነው ከሩቅ ጋላክሲ «ሪከርድ ሰባሪ ኮከብ ተገኘ» ሲባል መጀመሪያ በእርግጥ አንድ ነው ወይ ብዬ የምጠይቀው።

«ከለሩ ይበቃል» የሚሉም አሉ። አይበቃም፣ ሙቀቱ ከ40 ሺ ዲግሪ ሲያልፍ አብዛኛው ብርሃን አልትራቫዮሌት ስለሚሆን በዓይን በሚታየው በኩል ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ናቸው። የግድ ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ ተበትኖ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን መስመር የሚያሳይበት ምስል፣ ያስፈልጋል።

ስፔክትረሙ ላይ ግን ሌላ ወጥመድ አለ፦ «ሰፊና ደማቅ የሂሊየም መስመር ከታየ ያረጀ ቮልፍ-ራዬ ኮከብ (የውጭ ሃይድሮጅኑን በንፋስ ያጣ ከባድ ኮከብ) ነው»። እነዚህ ከባድ ኮከቦች ገና ሃይድሮጅን እያቃጠሉ እያለም ንፋሳቸው (ከላያቸው የሚወጣው ጋዝ) በጣም ወፍራም ስለሆነ 1640 አንግስትሮም (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ላይ ያንኑ የሂሊየም መስመር ያወጣሉ። ኤንጂሲ 5253 ጋላክሲ ውስጥ ያለ አንድ ክላስተር በዚህ ምክንያት ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል ሲባል ቆይቶ፣ በ2016 የሀብል አልትራቫዮሌት ስፔክትረም ሲፈተሽ እድሜው ከ2 ሚሊዮን እንደማያልፍና መስመሩም ከ100 ፀሐይ በላይ ከሚመዝኑ ኮከቦች እንደሚመጣ ታየ፤ በዛ እድሜ የተለመዱት ቮልፍ-ራዬዎች ገና አልደረሱማ።

«ብዙ ነዳጅ ስላላቸው ረጅም ይኖራሉ» የሚለውም ልክ አይደለም፣ በጣም በፍጥነት ስለሚያቃጥሉት 2 ወይ 3 ሚሊዮን ዓመት ነው የሚቆዩት። 10 ሚሊዮን ዓመት የሞላው ክላስተር ውስጥ እነሱን መፈለግ ድካም ብቻ ነው።