የማሽላ ዘር መረጣና ቁጥር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ትልቁ ዛላ ምርጡ ዘር ነው።»
የወሎ ገበሬ ዘሩን የሚለየው ዛላ እያየ ነው፤ ይህን ሁሉ የማሽላ ዓይነት ያቆየልንም ይኸው ዓይኑ ነው። ይሁን እንጂ ዛላው የገዘፈው እበት የወደቀበት ቦታ ላይ በቅሎ ወይም አጠገቡ ያለው ተክል ሞቶለት ሊሆን ይችላል። ይህ ለልጅ አይተላለፍም። ከሚታየው ልዩነት ውስጥ ወደ ልጅ የሚሻገረው ድርሻ ተወራሽነት ይባላል። ለምሳሌ የሁሉም አማካይ በሄክታር 25 ኩንታል፣ የተመረጡት 35፣ ተወራሽነቱ 0.3 ቢሆን፣ የ10 ኩንታሉ ብልጫ በ0.3 ይባዛል። ከልጆቹ የሚጠበቀው 28 ነው። 35 ብሎ ቃል መግባት ገበሬውን ማሳሳት ነው።

«ሁለቱን ዘር ጎን ለጎን ዘርቶ ማየት ይበቃል።»
ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ተዳፋት ማሳ ላይኛው ጫፍ አፈሩ ስስ፣ ታችኛው ወፍራም ነው። ስለዚህ ማሳው ብሎክ ወደሚባሉ ክፍሎች ይከፈል፤ እያንዳንዱ ብሎክ ተዳፋቱን አግድም ይያዝ፤ በየብሎኩ ሁሉም ዝርያ አንድ አንድ ጊዜ ይግባ፤ ቦታው በዕጣ ይውጣ። አራት ድግግሞሽ፣ ማለትም አራት ብሎክ፣ የአማካዩን ስህተት ከአንዱ አንጻር በግማሽ ይቀንሳል። በአንድ መደብ (አንድ ዝርያ በሚዘራበት ቁራሽ መሬት) 5 ሜትር የሚረዝሙ አራት መስመሮች በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተዘርተው የሚመዘኑት መካከለኞቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የዳሮቹን የጎረቤት መደብ ይነካቸዋል። የሚመዘነው 7.5 ካሬ ሜትር ስለሆነ የ150 ግራም የሚዛን ስህተት በሄክታር 2 ኩንታል ይሆናል! የእህሉም እርጥበት ተለክቶ ሁሉም ወደ 12.5 በመቶ ይስተካከል።

ወፍም አለ። ቀድሞ የሚደርሰውን ዝርያ የሰፈሩ ወፍ ሁሉ ይወርድበታል፤ ጥፋቱ የዘሩ ይመስላል። ዛላዎቹን በከረጢት መሸፈን ወይም ቶሎ የሚደርሱና የሚዘገዩ ዝርያዎችን ለየብቻ መሞከር ይሻላል።

«ዝናብ ያጠረበት ዓመት ውጤት ይጣል።»
በሰሜን ወሎ ለሚገኘው ለቆቦ ገበሬ ዋናው ፈተና ያ ዓመት ነው። በደህና ክረምት አንደኛ የወጣ ዝርያ በድርቅ መጨረሻ ሊሆን ስለሚችል የየዓመቱና የየቦታው ደረጃ ለየብቻ ይታይ። የማሽላን ሥር የሚመጠው አረም፣ አቀንጭራም፣ እንዲሁ ነው፦ የማሽላ ተመራማሪው ዶክተር ገቢሳ እጀታ የደከሙባቸው አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎች ጥቅማቸው የሚታየው አቀንጭራ ባለበት መሬት ነው። አረሙ በማሳው ውስጥ እኩል ስለማይበቅል በቀላሉ የሚጠቃ ዝርያ በየቦታው ጣልቃ ይዘራል፤ የሌሎቹም ውጤት በእሱ አንጻር ይነበባል።

«የዘረመል መረጃና ኮምፒዩተር ካለ ማሳ አያስፈልግም።»
ከዘረመል ተነስቶ ምርትን የሚተነብየው ስሌት የሚማረው በማሳ ከተለካ ምርት ነው። በማሳ ለተለኩት ዝርያዎች ዘመድ ለሆኑት ይተነብያል፤ ለሩቆቹ ይስታል።

«ምርት ማለት የእህል ክብደት ነው።»
አገዳው የከብት መኖና ማገዶ ነው። እህል ብቻ የሚመዝን መራጭ ማሽላውን እያሳጠረ ቤተሰቡን መኖ ያሳጣዋል። ስለዚህ እህል፣ አገዳ፣ ቶሎ መድረስና ጣዕም እያንዳንዳቸው ስንት እንደሚያመዝኑ ከገበሬዎች ጋር ከመዝራት በፊት ይወሰን። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ክፍል የበለጸጉ ተብለው የተለዩት ማሽላዎች የወሎ ናቸው። ፍሬያቸው የተጨማደደ፣ ምርታቸውም ዝቅ ያለ ስለሆነ በሚዛን ብቻ ቢፈረድ ቀድመው የሚወድቁት እነሱ ነበሩ። ገበሬው ግን በእሸትነታቸው ጠብሶ ይበላቸው ስለነበር ከሌላው ማሽላ ጋር እየዘራ አቆያቸው።