የዲቪዲ ፊልሞችን ወደ ኮምፒውተር ፋይል መቀየርና ማመቅ

የዲቪዲ ፊልምን ወደ ኮምፒውተር ፋይል መቀየር ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን ምስል፣ ድምፅና ሰብታይትል አውጥቶ ሃርድ ዲስክ ላይ ለማስቀመጥ ወይም ሌላ ባዶ ዲስክ ላይ መልሶ ለመጻፍ እንዲመች አድርጎ ማዘጋጀት ነው። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። ከዲስኩ ላይ መገልበጡ በተለምዶ «ሪፕ ማድረግ» ይባላል፤ የፋይሉን መጠን መቀነሱ ደግሞ «ኮምፕረስ ማድረግ» ወይም ማመቅ። ሁለቱ ስለሚምታቱ ብዙ ሰው ሪፕ የተደረገ ፊልም ሁሉ ጥራቱ የወረደ ይመስለዋል። መገልበጥ ብቻውን ግን ከምስሉ አንዲት ነጥብ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ማመቁ ነው።

ዲስኩ ውስጥ ያለው

ዲቪዲ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 በጃፓን ሲሆን በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ገባ። ባለ አንድ ንብርብሩ ዲስክ 4.7 ቢሊዮን ባይት፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ 8.5 ቢሊዮን ባይት ገደማ ይይዛል። የዊንዶውስ ኮምፒውተር ግን በ1000 ሳይሆን በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥር ላዩ ላይ 4.7 ጊጋባይት የተጻፈበትን ባዶ ዲስክ 4.37 ብሎ ያሳየዋል። ዲስኩ ጎድሎ የተሸጠለት የመሰለው ጀማሪ ጥቂት አይደለም።

በዲስኩ ላይ ያለው ምስል ራሱ አስቀድሞ የታመቀ ነው። ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት 720 በ576 ፒክስል ሆኖ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል)፣ በኤንቲኤስሲ ደግሞ 720 በ480 ሆኖ በሰከንድ 29.97 ፍሬም ይሄዳል። የፓሉ ምስል ሳይታመቅ ይቀመጥ ቢባል በሰከንድ 124 ሜጋቢት ያህል ስለሚፈጅ ባለ አንድ ንብርብሩ ዲስክ በአምስት ደቂቃ ይሞላ ነበር። ሙሉ ፊልም ሊገባ የቻለው ኤምፔግ-2 የተባለው ኮዴክ (ምስልን የማመቂያና የመፍቻ ዘዴ) ይህን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 5 ሜጋቢት አካባቢ ስለሚያወርደው ነው፤ የሚፈቀደው ጣሪያ 9.8 ነው። እንግዲህ ዲቪዲን የሚያምቅ ሰው አንዴ የተጨመቀን ሎሚ ነው መልሶ የሚጨምቀው።

ዲስኩ ሲከፈት ቪዲዮ ቲኤስ የሚባል ፎልደር ይገኛል። ምስልና ድምፁ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ የቪኦቢ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ የምዕራፎቹንና የሜኑውን ቅደም ተከተል የሚነግሩት ትንንሾቹ የአይኤፍኦ ፋይሎች ናቸው፤ የቢዩፒ ፋይሎች የእነሱ መጠባበቂያ ቅጂ ናቸው። ሰብታይትሉ ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነው። ስለዚህ ወደ ጽሑፍ ፋይል ለመቀየር ፊደል ለይቶ የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ያነበበውንም አንድ በአንድ ማረም ግድ ነው።

ቁልፉ

አብዛኞቹ የገበያ ዲቪዲዎች ሲኤስኤስ በተባለ ባለ 40 ቢት ቁልፍ ይቆለፋሉ። ቁልፉ የተሰበረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1999 ዲሲኤስኤስ የተባለው ፕሮግራም ይፋ ሲወጣ ነው። በጉዳዩ የተከሰሰው ኖርዌያዊው ወጣት ዮን ሌክ ዮሃንሰን በጃንዋሪ 2003 በነፃ ተለቀቀ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት ማብቂያ ውሳኔውን አጸናው። የአሜሪካው የ1998 የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ በበኩሉ እንዲህ ያለውን መክፈቻ ማሰራጨትን ይከለክላል። በገዛ ገንዘብ የተገዛን ፊልም ለራስ መገልበጥ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ከአገር አገር ይለያያል። ከዚህ ሌላ ዓለምን በቀጠና የሚከፋፍል ኮድ አለ፤ የኮምፒውተር ዲቪዲ ማጫወቻ ቀጠናውን አምስት ጊዜ ብቻ ያስቀይራል፣ ከዚያ በኋላ ባለበት ይቆለፋል።

የሲዲ ዘመንና ዲቪዲ ሽሪንክ

ሥራው ከባለሙያ እጅ ወጥቶ የማንኛውም ሰው የሆነው ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ነው። መነሻው ፈረንሳዊው ጄሮም ሮታ የማይክሮሶፍትን ኤምፔግ-4 ኮዴክ ከታሰረበት የፋይል ዓይነት አላቅቆ በኤቪአይ ፋይል እንዲሠራ ማድረጉ ነበር። ስሙን ዲቪኤክስ ያለው በ1999 በከሸፈው ተመሳሳይ ስም ባለው የአሜሪካ የኪራይ ዲስክ ላይ ለመቀለድ ነው። በኋላ ዲቪኤክስ ኩባንያ ሆኖ ክፍት ያደረገውን ኮድ መልሶ ሲዘጋ፣ በጎ ፈቃደኞች የነበረውን ይዘው በ2001 የራሳቸውን ቀጠሉ፤ ስሙንም (DivX) ገልብጠው ኤክስቪድ (XviD) አሉት። ያለ ክፍያ የሠሩት ይህ ኮዴክ ከዋናው ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚለካካ፣ በብዙ ሰው ዓይን የሚበልጥ ሆነ።

የዚያን ጊዜው ዒላማ አንድ ፊልም 700 ሜጋባይት በሚይዝ አንድ ሲዲ ላይ ማስገባት ነበር። ሒሳቡ በወረቀት የሚሠራ ነው። 100 ደቂቃ ማለት 6,000 ሰከንድ ነው። 700 ሜጋባይት ወደ ቢት ሲለወጥ 5.87 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል፤ ለ6,000 ሲካፈል በሰከንድ 978 ኪሎቢት ይደርሳል። ከዚያ ላይ ለኤምፒ3 ድምፅ 128 ሲነሳ ለምስሉ 850 ይቀራል። ዲስኩ ላይ 5,000 የነበረው ማለት ነው። ይህችን 850 ከፊልሙ ትዕይንቶች ጋር ለማዳረስ ኮምፒውተሩ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ያልፈዋል፤ በመጀመሪያው ዙር የቱ ትዕይንት ከባድ እንደሆነ ይመዘግባል፣ በሁለተኛው ለከባዱ አብዝቶ ለቀላሉ ቀንሶ ያከፋፍላል። ማታ አስጀምሮ መተኛት፣ ጠዋት ተነስቶ የድምፁንና የከንፈሩን መገጣጠም ማየት የተለመደ ነበር።

የዲቪዲ መጻፊያ ዋጋው ሲወርድ ጥያቄው ተቀየረ፤ ባለ ሁለት ንብርብሩን ፊልም ሜኑው ሳይበላሽ እንዴት ባለ አንድ ንብርብር ዲስክ ላይ ይግባ? የዚህ መልስ ዲቪዲ ሽሪንክ ነበር። በነፃ የተለቀቀ፣ ጥቂት ሜጋባይት እንኳ የማይሞላ፣ የመጨረሻው ዕትሙ 3.2 በ2004 ወጥቶ ከዚያ በኋላ ያልታደሰ ፕሮግራም ነው። ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ይህን ያህል የሠራ ፕሮግራም ማግኘት ይከብዳል። ምስሉን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ እንደገና አያምቅም፤ በኤምፔግ-2 ውስጥ ያሉትን የዝርዝር ቁጥሮች ብቻ ይበልጥ ያጠጋጋቸዋል። ሌሎች ፕሮግራሞች ሌሊቱን የሚፈጁበትን ሥራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚጨርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጥነቱ ዋጋ አለው። በኤምፔግ-2 ሙሉ ሥዕል የሚይዘው አይ-ፍሬም የሚባለው ብቻ ነው፤ ተከታዮቹ ልዩነቱን ብቻ ይመዘግባሉ። ቁጥሮቹ ሲጠጋጉ ስህተቱ ከፍሬም ወደ ፍሬም ይጠራቀምና ግማሽ ሰከንድ ያህል ቆይቶ አዲስ አይ-ፍሬም ሲመጣ በአንዴ ይጠራል። ጭስ ወይም ደብዛዛ ግድግዳ ባለበት ትዕይንት ላይ ዓይንን ተክሎ ላየ ምስሉ ይተነፍሳል፤ ይደፈርሳል፣ ይጠራል፣ ደግሞ ይደፈርሳል። ከዋናው መጠን ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ዲቪዲ ሽሪንክን ትቶ እንደገና ማመቅ ይሻላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ግን እንደ ፊልሙ ነው፤ ካርቱን ብዙ ይችላል።

መድኃኒቱ ከማመቅ በፊት መጣል ነው። 7.6 ጊጋባይት የሆነ ዲስክ እንዳለ ወደ 4.37 ይውረድ ቢባል ከዋናው መጠን 57 በመቶው ብቻ ይቀራል። ሜኑውና ተጨማሪዎቹ ቀርተው ፊልሙ ብቻ 5.5 ነው እንበል። ዲቲኤስ የተባለው ከባዱ የድምፅ ዓይነት በሰከንድ 768 ኪሎቢት ከሆነ በ110 ደቂቃ ፊልም ላይ 0.6 ጊጋባይት ይይዛል፤ እሱን ጥሎ ኤሲ-3 የተባለውን ሌላውን የድምፅ ዓይነት ብቻ ማስቀረት ይቻላል። በቀረው 4.9 ላይ ምስሉ የሚቀነሰው አሥር በመቶ ያህል ነው፤ ይህን ያህሉን ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው አያስተውለውም። ቁልፍ በመክፈት ከዲቪዲ ሽሪንክ ጋር የሚጠቀሰው ዲቪዲ ዲክሪፕተር በ2005 በሕግ ጫና ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ

ኤች.264 የተባለው አዲስ የማመቂያ መስፈርት በ2003 ከጸደቀ በኋላ በእሱ የሚያምቀው ኤክስ264 እና ሃንድብሬክ የተባለው መቀየሪያ ፕሮግራም የኤክስቪድን ቦታ ያዙ። በሃንድብሬክ መጠን ማስላት ቀርቶ የጥራት ቁጥር መምረጥ ተለመደ፤ ለዲቪዲ ከ18 እስከ 22 ይመከራል፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል። የኤች.264 ተተኪ ኤች.265 በ2013 መጣ።

ወደ ዲስክ መመለስ

ኤምፒ4 ፋይልን ባዶ ዲስክ ላይ መጻፍ ዲቪዲ አያደርገውም። ኮምፒውተር ይከፍተዋል፤ የሳሎን ዲቪዲ ማጫወቻ ግን ኤምፔግ-2 ምስል፣ ቪዲዮ ቲኤስ ፎልደርና ትክክለኛ የአይኤፍኦ ፋይሎች ይፈልጋል። የዲቪኤክስ ምልክት ያለባቸው ማጫወቻዎች ኤቪአይ ያነባሉ፤ ኤች.264 ግን ብዙዎቹ አያነቡም። በዝግታ የተጻፈ ዲስክ ይበልጥ ይቆያል ይባላል፤ ዋናው የባዶ ዲስኩ ጥራት ይመስላል።

ሦስት ነገሮች ብዙ ጊዜ ያስታሉ። የመጀመሪያው የምስሉ ስፋት ነው። የዲቪዲ ፒክስል አራት ማዕዘኑ እኩል ስላልሆነ 16 ለ9 የሆነውን ፊልም ይህን ስፋት የሚነግረውን ምልክት ጥሎ የቀየረ ሰው ፊታቸው የረዘመ፣ ሰውነታቸው የቀጠነ ተዋንያን ያያል። ሁለተኛው ኢንተርሌስ ነው። ለቴሌቪዥን የተቀረጸ ምስል እያንዳንዱ ፍሬም ከሁለት ግማሾች ስለሚሠራ ኮምፒውተር ላይ እጁን የሚያወዛውዝ ሰው ጠርዙ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ ይታያል። ለኮምፒውተር ሲቀየር ይህ ይወገዳል፤ ወደ ዲስክ ለሚመለስ ግን ባለበት ቢተው ይሻላል፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ያስተካክለዋልና። ሦስተኛው ድምፁ ነው። የድምፁ ናሙና የሚወሰድበት ፍጥነት በዲቪዲ በተለምዶ 48 ኪሎኸርትዝ ሲሆን ከሲዲ የተወሰደ ሙዚቃ 44.1 ነው፤ ሳይቀየር ከገባ ዲስኩን የሚያቀናብረው ፕሮግራም ላይቀበለው ይችላል።