ቅፍለት አደን፦ በጎንደር ያሉ የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ ወዳጆችና ስልታቸው

ቅፍለት አደን በሰርጓጅ መርከብ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋቹ በጦር መርከቦች ታጅበው የሚጓዙ የንግድ መርከቦችን አድፍጦ የሚያጠቃበት ስልት ነው። በዚህ ዘርፍ ከታወቁት አንዱ ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው «ሳይለንት ሀንተር 3» ሲሆን፣ ተጫዋቹን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ያደርገዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው ጎንደር፣ በጌም ቤቶች የሚነግሠው ኳስ ነው። በሰዓት እየከፈሉ የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ መጫወት ኪስ ያራቁታል፤ አንድን ቅፍለት ለማድፈጥ ብቻ ግማሽ ቀን ሊያልፍ ይችላልና። ስለዚህ የሚጫወቱት ቤታቸው ኮምፒውተር ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ከአጃቢ መርከብ ይልቅ የሚፈሩትም የመብራት መጥፋትን ነው።

ስልቱን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አይከብድም። ወደ ምጽዋ ይወርድ የነበረውን ሲራራ ነጋዴ ለመዝረፍ ያሰበ ሽፍታ ከኋላ አያባርርም፤ ቀድሞ በር ይይዛል። ባሕር ግን ሊማሊሞ የለውም። አዛዡ በሩን በካርታና በሰዓት ራሱ መፍጠር አለበት፤ የጨዋታው ጣዕምም እዚህ ላይ ነው። «ሰባት ሲ» የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በውኃው ገጽ ላይ 17 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ያህል ሲሮጥ፣ ጠልቆ ግን 8 ኖት እንኳን አይሞላም፤ በዚያ ፍጥነት ከሄደም ባትሪው ብዙ ሳይቆይ ያልቃል። ቀርፋፋ ቅፍለት ራሱ 7 ኖት ይጓዛል። ስለዚህ ጠልቆ ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። ብልሁ አዛዥ ከአድማስ ላይ ጪሱን ብቻ እያየ በገጽ ላይ ዞሮ ይቀድማል፣ ፊት ለፊት ደርሶ ይጠልቃል፣ ሞተሩን ቀንሶ ይጠብቃል።

የቅፍለቱን ፍጥነት ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። መርከቡ በ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ውስጥ የሄደውን ርቀት በመቶ ሜትር መቁጠር ነው፤ 800 ሜትር ከሄደ ፍጥነቱ 8 ኖት ነው። ይህ ከታወቀ ቀሪው ማዕዘን ነው። ቶርፔዶው፣ ማለትም በውኃ ውስጥ ራሱ እየተጓዘ መርከብ የሚመታው ፈንጂ፣ የመርከቡን ጎን በ90 ዲግሪ ገደማ ቢመታ ይመረጣል። በእንፋሎት የሚሄደው ቶርፔዶ ፈጣን ቢሆንም የአረፋ ዱካ ይተዋል፤ የኤሌክትሪኩ ዘገምተኛ ነው፣ ዱካ ግን የለውም። ከአንድ በላይ ዒላማ ሲኖር ሩቁን አስቀድሞ መተኮስ ይገባል፣ ፍንዳታዎቹ አንድ ላይ እንዲሆኑ። ጀማሪ ቅርቡን ይመታና ሌሎቹን ያስበረግጋል።

ሌላው ስልት በጨለማ፣ ሳይጠልቁ፣ በመርከቦቹ ረድፎች መካከል መግባት ነው። «አንድ ቶርፔዶ ለአንድ መርከብ» በሚለው መርሑ የሚታወቀው ጀርመናዊው የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ኦቶ ክሬችመር ከተሳተፈባቸው ውጊያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1940 «ኤስ ሲ 7» በተባለው ቅፍለት ላይ የተካሄደው ነው፤ ከ35 የንግድ መርከቦች 20ዎቹ ሰጥመዋል። በጨዋታው ይህ ድፍረት የሚያዋጣው በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት ነው። አጃቢዎቹ ራዳር ከያዙ በኋላ ጨለማ መሸሸጊያ አይሆንም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1943 ብቻ 41 ያህል ሰርጓጅ መርከቦች አጥታለች።

ከተኮሱ በኋላ ያለው ሥራ መጥፋት ነው፦ በጥልቀት መውረድ፣ ድምፅን መቀነስ፣ ለአጃቢው ጎንን ሳይሆን ጅራትን መስጠት። አጃቢው ፍጥነት ጨምሮ ወደ ላይ ሲደርስ የገዛ ድምፁ ያደነቁረዋል፤ መታጠፍ ያኔ ነው።

የከተማዋን ስም የያዘ እውነተኛ ሰርጓጅ መርከብ ግን ይህ አልሆነለትም። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ከወረረች በኋላ «አድዋ»፣ «አክሱም»፣ «ደሴ»፣ «ጎንደር» ብላ ሰርጓጅ መርከቦቿን ሰይማ ነበር። «ጎንደር» ሰው የሚጋልባቸውን ቶርፔዶዎች ጭኖ ወደ እስክንድርያ ሲያመራ «ስቱዋርት» የተባለው የአውስትራሊያ የጦር መርከብ አገኘው። ሌሊቱን በቦምብ ሲታደን አድሮ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1940 ጠዋት ወደ ገጽ ወጣ፤ ሠራተኞቹ ለቅቀውት ሰጠመ።