ውሃና ኢታኖል ሲለኩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር ኢታኖል 100 ሚሊ ሊትር ይሆናሉ»

አይሆኑም። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃና ኢታኖል (በመጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል) ሲቀላቀሉ የሚገኘው 96.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ የፈሰሰ ወይም የተነነ ይመስለውና ሙከራውን ከመጀመሪያው ይደግማል። ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ 49.9 ግራም ውሃና 39.5 ግራም ኢታኖል ከተቀላቀሉም በኋላ 89.4 ግራም ናቸው። ክብደት ይደመራል፣ ይዘት (ፈሳሹ የሚይዘው ቦታ) አይደመርም። ስለዚህ ድብልቁን በመለኪያ ሲሊንደር ሳይሆን በሚዛን አዘጋጁ። ስትመዘግቡም የክብደት ወይም የይዘት በመቶ መሆኑን ጻፉ፤ በይዘት 40 በመቶ ማለት በክብደት 33 በመቶ ብቻ ነውና።

«ጤፍ በባቄላ መካከል እንደሚገባው፣ አንዱ የሌላውን ክፍተት ስለሚሞላ ነው»

ለጀማሪ የሚጠቅም ምሳሌ ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ቦንድ (በሞለኪውሎች መካከል ባለ መሳሳብ) ተያይዘው ክፍትፍት ያለ አደረጃጀት አላቸው፤ ኢታኖል ሲገባ ትስስሩ ራሱ ይለወጣል። ይህን አጉልቶ የሚያሳየው ውሃ አልባ ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባለው ጨው ነው። ጥቂቱን በብዙ ውሃ ስታሟሙት ጠቅላላው ይዘት ጨው ከመግባቱ በፊት ከነበረው ውሃ እንኳ ያንሳል፤ አዮኖቹ (ጨው ሲሟሟ የሚለያዩት የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) በዙሪያቸው ያለውን ውሃ ስበው ያጠጋጉታልና። ጤፍ ደግሞ የቱንም ያህል ቢገባ ባቄላውን አያሳንሰውም።

«እንደተቀላቀለ እፍግታውን መለካት ይቻላል»

ሲቀላቀሉ ሙቀት ይወጣል፤ ዕቃውን በእጅ ብትነኩት ለብ ብሏል። ይህች ሙቀት ቀላል አይደለችም። በክብደት 40 በመቶ ኢታኖል ያለው ድብልቅ እፍግታው (ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል) በ20 ዲግሪ 0.9352፣ በ25 ዲግሪ ግን 0.9315 ግራም በሚሊ ሊትር ነው። በ25 ዲግሪ ለክቶ ከእፍግታ የኢታኖልን መጠን የሚያሳየውን የ20 ዲግሪ ሠንጠረዥ ያነበበ ሰው ወደ 42 በመቶ የሚጠጋ ቁጥር ይመዘግባል።

25 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ፒክኖሜትር (ክዳኑ ቀዳዳ ያለው፣ እፍግታ የሚለካበት ትንሽ ጠርሙስ) ካላችሁ፣ በመጀመሪያ ባዶውን ደረቅ አድርጋችሁ መዝኑ። ፈልቶ በቀዘቀዘ የተጣራ ውሃ ሙሉት፤ መፍላቱ በውስጡ የሟሟውን አየር ያስወጣል። በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቀመጥ፤ በክዳኑ ቀዳዳ የወጣውን ጥረጉ፣ ውጭውን አድርቁና መዝኑ። የውሃው ክብደት ለ0.9982 (ለውሃ እፍግታ በ20 ዲግሪ) ሲካፈል የዕቃው ትክክለኛ ይዘት ይገኛል። ከዚያ በድብልቁ አለቅልቃችሁ ያንኑ ድገሙ፤ የድብልቁ ክብደት ለዚህ ይዘት ሲካፈል እፍግታው ይገኛል። ድብልቁን ግን አታፍሉት፤ ቀድሞ የሚበዛው ተን ኢታኖሉ ነው። ዕቃውን በአንገቱ ያዙ፤ የመዳፍ ሙቀት ፈሳሹን በቀዳዳው ይገፋዋል። ብርሃን ላይ አዘንብላችሁም እዩ፦ ግድግዳው ላይ የተጣበቀች 0.02 ሚሊ ሊትር የአየር አረፋ የአልኮሉን መጠን በ0.35 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ከፍ አድርጋ ታሳያለች።

«ውሃ በ100 ዲግሪ ካልፈላ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል»

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩን ለመፈተሽ የተፈጨ በረዶና የተጣራ ውሃ ይሻላል። በደንብ ሲበጠበጥ ዜሮን ማንበብ አለበት፣ ከፍታውም እምብዛም አይነካውም።

«ደጋግሞ ማንጠር ንጹሕ ኢታኖል ይሰጣል»

በባሕር ወለል ግፊት በክብደት 95.6 በመቶ ላይ ይቆማል። በ78.2 ዲግሪ ሲፈላ ተኑና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ቅንብር ስለሚኖራቸው የሚለይ ነገር አይቀርም። የቀረውን ውሃ የሚያወጣው ባለ 3 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) ቀዳዳ ሞለኪውላዊ ወንፊት ነው፤ ውሃ ይገባበታል፣ ኢታኖል አይገባበትም። መጀመሪያ ላይ ያየነውን ሙከራ 96 በመቶ ከሚል ጠርሙስ ቀድታችሁ ከሠራችሁ የይዘቱ መቀነስ ከ3.5 ሚሊ ሊትር ያንሳል፤ ኢታኖሉ ቀድሞውኑ ከጥቂት ውሃ ጋር ስለተቀላቀለ ከፊሉ ገና ጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ተቀንሷል።